ባዶ ገል ይዤ እሳት ስጭር

ልጅ እያለሁ እሳት ከጎረቤት ይጫር ነበር። ይህን ለልጅ ልጆቼ ስነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል። እናንተ እኩዮቼ ግን ታውቁታላችሁ፤ ማታ ፍሙን አመድ አልብሶ መዳፈን፣ ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርጎ እፍ ማለት፣ ጠፍቶ ከተገኘም ኩበት ይዞ ጎረቤት መሮጥ። ጎረቤት የኩበቷን ጫፍ ከምድጃው ያስይዝላችኋል፣ እናንተ እፍ እፍ እያላችሁ ትመለሳላችሁ። እሳት መጫር ነውር አልነበረም፤ ያለውም የሌለውም ይጭራል። ነውሩ ኩበት መለመን ነበር።

ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ይጁቤ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ አባቴ ዱር ቤቴ ብሎ ወጣ። በሳምንቱ ባንዶች መጡና ላሞቻችንንም በሬዎቻችንንም እየነዱ ወሰዱ። የሰፈሩ ጭቃ ሹም ደግሞ፣ ለሸፈተ ሰው ቤት እህልም ሆነ ማገዶ የሰጠ ቤቱ ይቃጠላል ብሎ አስለፈፈ። እኔ ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው። ከብቱ ሲነዳ ያለቀስኩት ለወተቱ ነበር፤ ከብት ሲሄድ እሳትም አብሮ እንደሚሄድ የገባኝ ክረምት ሲገባ ነው። ኩበት በበጋ ተጠፍጥፎ፣ ደርቆ፣ ለክረምት የሚከመር ነገር ነው። ከብት የሌለው ቤት ምኑን ይጠፈጥፋል? ቁጥቋጦውን ምሽግ የሠሩት ወታደሮች መንጥረው ጨርሰውታል። የቀረው የቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ነው፤ እሱን ደግሞ ማን ደፍሮ ይነካል!

እናቴ በሐምሌ ወንድ ልጅ ወለደች። ሐምሌ፣ እናንተዬ! ጭጋጉ በር ላይ ተኝቶ የሚውልበት ወር። አራስ ቤት እሳት ካልነደደበት ምኑን አራስ ቤት ሆነ? ልጁ ትንሽዬ ነበር፤ እግሮቹን ስዳብሳቸው ቅዝቃዜያቸው ያስደነግጠኝ ነበር። እናቴ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አርባ ቀኑን ይድረስልኝ። ክርስትና ሳይነሳ እንዳይሄድብኝ።»

መጀመሪያ አጥራችንን አነደድን። ቀጥሎ የከብቶቹን ግርግም፣ ከዚያ የቆጡን እንጨት። አንድ ቀን እናቴ የአባቴን ቀንበር ከግድግዳው አወረደችና ጭኗ ላይ አስቀምጣ ብዙ ቆየች። ከዚያ ተነስታ መልሳ ሰቀለችው። «ሲመጣ በምን ሊያርስ ነው» አለች፤ የምትናገረው ከራሷ ጋር ነበር።

የሚዳፈን ፍም ስላልነበረን በየማለዳው እሳት መጫር የእኔ ሥራ ሆነ። ጎረቤታችን እማማ ማንጠግቦሽ ነበሩ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንዲት ላም ብቻ ያለቻቸው፣ ምላሳቸው የማይቻል ባልቴት። ሰው ሁሉ ኩበት ይዞ ሲሄድ እኔ ባዶ ገል፣ የሸክላ ስባሪ፣ ይዤ እሄዳለሁ። ፍም ያደርጉልኛል፣ እየሮጥኩ አመጣለሁ፣ እናቴ የለቃቀመችውን ጭራሮ ታያይዝበታለች። የሚነድ የለንም ብዬ እንዳልናገር እናቴ አስጠንቅቃኝ ስለነበር በየቀኑ እሳቱ ለምን እንደጠፋ ምክንያት መፍጠር ነበረብኝ። አንድ ቀን ጣራው አፈሰሰብን አልኩ። አንድ ቀን እንቅልፍ ጣለን አልኩ። በአራተኛው ቀን የምለው አለቀብኝና፣

«ድመቷ አመዱን በተነችው» አልኳቸው።

እማማ ማንጠግቦሽ ገሉን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ድመት እንደሌለን አሳምረው ያውቃሉ።

«ወይ ይቺ ድመት!» አሉ። «እሷ እያለችማ እሳት አይበረክትላችሁም። ነገም መበተኗ አይቀርም።»

ከጓዳ ሰፋ ያለ ደረቅ ኩበት አወጡ፤ ጫፉን ብቻ ለኮስ አደረጉና አሳቀፉኝ። «ፍም በገል ይቀዘቅዛል፤ በዚህ ውሰጅው» አሉኝ። በማግስቱ ሁለት ደረቡልኝ፣ ቀጥሎ ሦስት። ሁልጊዜ የላይኛው ጫፍ የተለኮሰ ነው፤ ስሙም ሁልጊዜ እሳት ነው። ኩበት የምትል ቃል ከአፋቸው ወጥታ አታውቅም። ቤት ስገባ እናቴ አንዱን ታነድና የቀሩትን መደቡ ሥር ትሸሽጋለች። እሷም ኩበት አትልም። «እሳት ሰጡሽ?» ትለኛለች። «ሰጡኝ» እላታለሁ። በዚያ ሙቀት የወንድሜ እግር መሞቅ ጀመረ።

አንድ ማለዳ ጭቃ ሹሙ መንገድ ላይ አገኘኝ። አራት ኩበት ታቅፌአለሁ፣ ጭሱ ዓይኔን ያቃጥለኛል። «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። የእማማ ማንጠግቦሽ ቤት ሲቃጠል ታየኝ። አፌን ሳልከፍት እሳቸው ከደጃቸው ጮኹ፤

«እሳት ነው! እሳት አይተህ አታውቅም? ካፊያውን እያየኸው በአንዷ ብሰጣት ሳትደርስ አይጠፋባትም? ወይስ እሳት መጫርም ተከለከለ? እንግዲያውስ አስለፍፈውና እንወቀው! እናትህ ከዚህ ምድጃ ስንቴ እንደጫረች ልንገርህ?»

ጭቃ ሹሙ ዙሪያውን አየ። ሴቶቹ በየደጃቸው ብቅ ብቅ ብለዋል። እሳት የከለከለ ሰው በአገራችን ታይቶ አይታወቅም፤ እሱም የመጀመሪያው መሆኑን ሳይፈራው አልቀረም። «ሂጅ» አለኝ። እግሬ አውጭኝ አልኩ።

በዚያ ክረምት ሁልጊዜ ስሄድ እማማ በሶ ሲበጠብጡ ነው የማገኛቸው። ጠዋት በሶ፣ ቀን በሶ። «በሶ ይወዳሉ እንዴ እማማ?» አልኳቸው አንዴ። «ኧረ በሶማ ነፍሴ ነው!» ብለው ሳቁ። እኔ ሞኝ አመንኳቸው። የአንዲት ላም ኩበት ለሁለት ቤት እንደማይበቃ፣ ምጣድም ድስትም ሳይጥዱ ክረምቱን በቀዝቃዛ በሶ እንደከረሙ ልብ ያልኩት ራሴ ቤት ማስተዳደር ስጀምር ነው። ያን ቀን ተቀምጬ አለቀስኩ።

ወንድሜ አርባ ቀኑን ደረሰ። በጋቢያቸው ጠቅልለው ወደ ቤተ ክርስቲያን የወሰዱትም እማማ ማንጠግቦሽ ናቸው። ጣሊያን ሲወጣ አባቴ ተመለሰ፤ ቀንበሩን ከተሰቀለበት አገኘው። ላም አግኝተን የመጀመሪያው ኩበት ሲደርቅ እናቴ አምስቱን ደራርባ፣ የላይኛውን ጫፍ ለኩሳ፣ ወደ እማማ ላከችኝ። ምድጃቸው ቦግ ብሎ ይነዳል። «እሳቴ መጥፋቱን ማን ነገራችሁ?» አሉኝ።

«ድመቷ» አልኳቸው። አቅፈው ሳሙኝ።

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ከተማ እኖራለሁ። እሳት በሽቦ መጥቶልናል፤ ጠቅ ማድረግ ብቻ ነው። መልካም ነው፣ ጭሱ ያጠፋውን ዓይን የማውቅ ሰው ነኝና አላማርርም። ግን የጎረቤቱን ምድጃ የሚያይ ሰው ናፈቀኝ። አጠገቤ ሕፃን ልጅ ያላት ተከራይ አለች። የሁላችን መብራት በርቶ የእሷ ከጠፋ ሳምንት አለፈው፤ የቆጣሪውን ካርድ የምታስሞላበት አጥታ ነው። ምን ሆነሽ ብላት ቆጣሪው ተበላሽቶ ነው፣ ሠሪው ነገ ይመጣል አለችኝ። በነጋታው ሠሪው ታሟል አለች። በሦስተኛው ቀን ሠሪው ለቅሶ ሄዷል አለች። ያቺ ድመታችን ትዝ አለችኝ።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ቀን፣ ዝናቡ አላባራ ብሎ ሲውል፣ ልጇን አዝላ በሬን አንኳኳች። ክብሪት ፈልጋ ነው። ከሰል እንደሌላት አውቃለሁ፤ ከበሯ የከሰል ሽታ ከጠፋ ሰንብቷል። የማበስልባት አንዲት የከሰል ምድጃዬ በረንዳው ላይ ፍሟ ቀልቶ ነበር።

«ክብሪትስ የለኝም፣ ልጄ» አልኳት። «እሳቱን ከነምድጃው ውሰጅው።»

ከሰል ጨመር አድርጌበት አስያዝኳት። ትክ ብላ አየችኝ። ክብሪቱ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነበር፤ እንዳይንኮሻኮሽብኝ እስክትሄድ ድረስ ጨብጬው ቆምኩ። ለራቴም በሶ በጠበጥኩ። በሶ እኮ ነፍሴ ነው።