አባቴ የተሳለመው ደጅ

ባለፈው ሰሞን የደም ግፊት መድኃኒቴን ልወስድ ፋርማሲ ገብቼ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ካላንደር ዓይኔን ያዘው። ቤቶቹ ውሃ መሃል የቆሙ፣ መንገዱ ውሃ፣ በየደጁ ታንኳ የታሰረበት ከተማ። ሻጯ ልጅ «እማማ፣ አገሩን ያውቁታል እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። «እኔ አላውቀውም፤ አባቴ ግን ሄዶበታል» አልኳት። ያመነችኝ አልመሰለኝም፤ አልፈርድባትም።

ደብረ ታቦር በጣሊያን እጅ በነበረችበት ጊዜ ነው። አባቴ መሪጌታ ነበር፤ ዜማ ያስተምራል። ጣሊያኖች ከየአጥቢያው ሽማግሌና ካህን እየመረጡ «አገራችንን እዩ» ብለው በመርከብ ይወስዱ ነበር፤ እምቢ ማለት የለም፣ አባቴም በዚያው ሄደ። ከወራት በኋላ ከስቶ ተመለሰ። ሰው ጎሪጥ ያየው ጀመር፤ ማን ያውቃል፣ ሃይማኖቱን ለውጦ ይሆናል እየተባለ ይታማል። እሱም ስለ ጉዞው ከእኔ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ለእኔ ግን ከሰዓት በኋላ ደጃችን ላይ ተቀምጦ፣ ዝናብ የመታው የገብስ ማሳ እየሸተተን፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያወጋኝ ነበር። ከተማዪቱን ሲያይ ጎርፍ የገባባት መስሎት አስተርጓሚውን «ውሃው መቼ ይጎድልላቸዋል?» ብሎ ቢጠይቅ ሳቁበት። ኋላም ከአንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አደረሷቸውና የቅዱስ ማርቆስ ነው አሏቸው። ማርቆስ ማለት ያኔ ጳጳሶቻችን ይመጡበት የነበረው የእስክንድርያ መንበር አባት ነው። አባቴ እንደ አገሩ ልማድ ነጠላውን አጣፍቶ በሩን ተሳለመ። የካቶሊክ መሆኑ ትዝ ያለው ከንፈሩን ካነሣ በኋላ ነው። «ይህን ለማንም እንዳትነግሪ» አለኝ።

ነገርኩ። ከአጥቢያችን ቄስ ልጅ ጋር ቅልሞሽ ስንጫወት ስለ ውሃው ከተማ ጉራዬን ነዛሁባት፤ «ውሸታም!» አለችኝ። ቃሉ አንገበገበኝና «እንዲያውም የማርቆስን በር ተሳልሟል!» አልኳት። ጠጠሯን በትና ወደ ቤቷ ስትሮጥ ነው የሠራሁት ሥራ የገባኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱ ደጀ ሰላሙ ላይ ተሰብስበው አባቴን አቆሙት። ሊያጣ የነበረው ማኅሌቱን፣ ተማሪዎቹን፣ ስሙን ነው። የደብሩ አለቃ ግን ይወዱታል፤ መውጫ ሊሰጡት ፈለጉ።

«መሪጌታ፣ በልጅ አፍ ሰው አንከስም። አልተሳለምኩም ይበሉና ነገሩ እዚህ ላይ ይብቃ።»

ከሴቶቹ መሃል ቆሜ «አልተሳለምኩም በል፤ በል» እያልኩ በሆዴ እለምነው ነበር።

«ተሳልሜያለሁ አባታችን» አለ አባቴ። «ማርቆስ ሲባል እግሬ አላልፍ አለኝ። በማን እጅ እንዳለ ያሰብኩት ኋላ ነው። አጥፍቼ እንደሆን ይቅጡኝ።»

አርባ ቀን ማኅሌት ሳይቆም፣ ከቅጥሩ ውጭ ሆኖ እንዲያስቀድስ ተፈረደበት። በዚያ ብርድና ጉም ቆመ። ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው አለቃ ወጥተው አጠገቡ መጡ። ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለመሆኑ በሩ እንዴት ያለ ነው?» አሉት። ነገራቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «ታድለዋል» ብለው ተመለሱ።

ከልቤ የማይወጣው ግን የተፈረደበት ቀን ነው። የነገረው ለእኔ ብቻ ነውና ማን እንዳወጣበት ያውቃል። ወደ ቤት ስንሄድ፣ ከእንግዲህ አያጫውተኝም ብዬ እያለቀስኩ ከኋላ ከኋላ እጎተት ነበር። መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። እጄን ያዘና «የት ላይ ነበር ያቆምነው?» አለኝ። ከታንኳዎቹ ቀጠለልኝ።

ዛሬ እኔ አባቴ ከሞተበት ዕድሜ አልፌያለሁ። ያን ከተማ ሰው እንደ ገበያ ይመላለስበታል፤ ምን ተሳለምክ ብሎ የሚጠይቅም የለም። እኔም ልጆች አሳደግሁ። ምስጢሬን ሲያወጡብኝ፣ ሲያዋርዱኝ፣ ወር ሙሉ አኮርፋቸው ነበር። እነሱም ከኋላ ከኋላ እያለቀሱ ይከተሉኝ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ቆሜ አልጠበቅኋቸውም።