የጮኸችው ዶሮ

ልጄ በሰው አገር፣ ካላክላ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን፣ ዶሮ ሻጩ እግሯ ተሰብሯል ብሎ የጣላትን ዶሮ ታሳድጋለች። ያቺው ዶሮ ዛሬ ጠዋት እንደ አውራ ዶሮ ጮኸች። ጎረቤቴ ዘሀራ በአጥሩ ብቅ ብላ፣ «ያላ፣ ቶሎ እረጃት እንጂ! ሴት ዶሮ ከጮኸች ቤት ይፈርሳል» አለችኝ።

ዶሮዋን ሳቅፋት የላባዋ ሽታ ወደ ወሎ መለሰኝ። አባቴ በዚሁ ምክንያት የልጅነት ዶሮዬን ሊያርዳት ቢላ ሲስል፣ አክስቴ አንስታ ነጠላዋ ውስጥ ከተተቻትና፣ «ወንድም ጋሼ፣ እኔም ስጮህ ልታርደኝ ነው?» አለችው። አባቴ ሳቀ፤ ቢላውን መሳል ግን አላቆመም።

እኔ ፈሪ ነኝ፤ ልጄ ስታስነጥስ እንኳ እንቅልፍ አይወስደኝም። ዛሬ ግን ዶሮዋን እንዳቀፍኩ ለዘሀራ፣ «ቤቱ የኪራይ ነው እቴ፤ ከፈረሰ ባለቤቱ ይሥራው!» አልኳት።