የእመት ነፃነት ቆብ

ሂላሮስ እመት ነፃነትን ከሃያ ዓመት በላይ ያውቃታል። በሮም ሳንቲም ማተሚያ ቤት ባሪያ ነው፤ ከብር በሚሠራው ሳንቲም በዲናሩ ጀርባ ላይ የምትወጣውን ይህችን ሴት ማተሚያው ብረት ላይ የሚቀርጸው እሱ ነው። ቀጭን ናት፣ ቀሚሷ መሬት ይጠርጋል፣ በቀኝ እጇ ነፃ የወጣ ባሪያ የሚደፋውን የሱፍ ቆብ ዘርግታ ይዛለች። ለማን እንደዘረጋችው አይታወቅም። ለሂላሮስ እንዳልሆነ ግን ግልጽ ነው።

ሙያው ሁሉን ነገር ገልብጦ ማሰብ ነው። ብረቱ ላይ ግራ የተቀረጸው ሳንቲሙ ላይ ቀኝ ሆኖ ይወጣል። ከልምድ ብዛት የመጠጥ ቤቱን ማስታወቂያ ሳይቀር ከኋላ ወደ ፊት ያነባል እያሉ ይቀልዱበታል።

አዲስ ቄሳር በነገሠ ማግስት የማተሚያ ቤቱ አለቃ ኖቬሊዮስ እየሮጠ መጣ።

«ስማኝ ሂላሮስ፣ አዲሱ ሳንቲም በአራት ቀን ይፈለጋል። ካደረስክልኝ ነፃ እንድትወጣ ቤተ መንግሥት ድረስ ሄጄ እናገርልሃለሁ።»

«ጌታዬ፣ ባለፈው ቄሳር ጊዜም እንዲሁ ብለውኝ ነበር።»

«እሱማ ሞተብኝ፣ ምን ላድርግ!»

ሂላሮስ ሥራውን ያዘ። የቄሳሩን ፊት አይቶት አያውቅም፤ የተላከለትን የሰም ምስል እያየ አገጩን ትንሽ አሳነሰለት፣ አንገቱን አወፈረለት። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ገለበጠ። እመት ነፃነት ጋ ሲደርስ ግን ልቡ ሸፈተ፤ ቆቡ በራሱ አናት ላይ ተደፍቶ ይታየው ጀመር።

መዶሻ መቺው ፉስኩስ የመጀመሪያዎቹን ሳንቲሞች መታና አንዱን አንስቶ አየ። «አንተ ሰውዬ፣ ሴትዮዋ ግራኝ ሆናለች እኮ!»

ሂላሮስ ሳንቲሙን ተቀብሎ አየ። ሳይገለብጥ ቀርጿታል። ቆሞ ሲጠብቅ የነበረው አለቃ ሳንቲሙን ነጥቆ አየና የግንባሩ ደም ሥር ተገታተረ።

«ምንድነው ይሄ? ግራ አጋባኸኝ እኮ!»

ሂላሮስ ከድንጋጤው የተነሣ ምላሱ ቀደመው። «ጌታዬ፣ በቀኟ ሃያ ዓመት ዘረጋች፣ ለኔ አልደረሰኝም። እስቲ በግራዋ ትሞክረው ብዬ ነው።»

ኖቬሊዮስ ራሱ የቀድሞ ባሪያ ነበር። አፍንጫውን አሻሸ፣ ከዚያ ሳቁ አመለጠው።

«በል ሂድ አስተካክላት። ቃሌ ቃል ነው።»

ቃሉንም ጠበቀ። ከወር በኋላ ሂላሮስ ነፃ የሚወጣ ባሪያ ወግ እንደሆነው ራሱን ተላጭቶ ቆቡን ደፋ። እያለቀሰ እጁን ወደ አናቱ ቢሰድ የሚኮሰኩስ ነገር አገኘ። ስፌት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ያለ ስፌት ሲቀርጸው ኖሯል።

በማግስቱ ነፃ ሰው ሆኖ፣ በደመወዝ፣ እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ደግሞ ምን ልትጨምርባት ነው?» አለው ፉስኩስ።

«ስፌቱን» አለ ሂላሮስ፣ ብረቱን ወደ ዓይኑ እያስጠጋ።