ለክሪኬት ሽማግሌ የተቀመጥኩበት ቅዳሜ

ስለ ክሪኬት የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሰልጣኙ ወይ መባረር አለበት፣ ወይ ሐውልት ሊቆምለት ይገባል። ይህን የተማርኩት እዚህ ኦሃዮ ከሂልቶፕ እስከ ካናል ዊንቸስተር ባለው መንገድ፣ በሳምንት አምስት ጠዋት፣ ቫን ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ ነው። የእኔ መኪና ትራንስሚሽኗ ሞቶ ደጃፌ ላይ ቆማ ቀርታለች። አውቶቡሱ ደግሞ የምንሠራበት መጋዘን፣ ዌርሃውሳችን፣ አካባቢ የሚያደርሰው ሺፍቱ ከገባ በኋላ ነው። ሁለት መንገድ አልፎ የሚኖር አንድ ኔፓላዊ የሥራ ባልደረባዬ ግን አዘነልኝና በቫኑ ያመላልሰኝ ጀመር። ከጎኑ የሚቀመጠው የሚስቱ ወንድም ነው። ስማቸውን በትክክል መጥራት ስለሚያቅተኝ በልቤ አንዱን ባለቫኑ፣ ሌላውን አማቹ እላቸዋለሁ።

ክርክሩ ስለ አገራቸው ብሔራዊ ቡድን ነበር። አሰልጣኙ አንድ ዕድሜው የገፋ ወርዋሪ፣ ኳሷን በጣቶቹ አሽከርክሮ ዱላ የያዘውን ሰው የሚያደናግር፣ ከቡድኑ አስወጥቶ ገና ጢሙ ያልበቀለ ልጅ አስገባ። ባለቫኑ አሰልጣኙን ይደግፋል። በአንድ እጁ መሪውን ይዞ የሌላውን እጁን ጣቶች እያጠፈ አሰልጣኙ ያሸነፋቸውን አገሮች ይቆጥራል። አማቹ በበኩሉ እነዚያን አገሮች እናቴም ብትሰለፍ ታሸንፋቸው ነበር ይላል። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞረው በእንግሊዝኛ ያስረዱኛል፤ ዳኛ መሆኔ ነው። ባለቫኑ ወደ እኔ ሲዞር መንገዱን ማን እንደሚያይ እግዜር ይወቀው።

እኔም አላፍርም፣ እፈርድ ነበር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለሌላ ሰው ነው። አንድ ቀን ለአሰልጣኙ፣ አንድ ቀን ለሽማግሌው ወርዋሪ እፈርዳለሁ። በረዶ በጣለ ቀን ግን ሁልጊዜ ለባለቫኑ ነው፤ መሪ የያዘ ሰው መናደድ የለበትም። ትዕግሥቴ ያለቀው አንዳንዱ ጨዋታ አምስት ቀን ይፈጃል ያሉኝ ዕለት ብቻ ነው። በእኛ አገር ለቅሶ እንኳ በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ይነሳል አልኳቸው። መሃል ላይ ሻይ ይጠጣል ብለው አጽናኑኝ።

አንድ ሰኞ ጠዋት አማቹ ሰርግ እንደሚሄድ ሰው ፊቱ በርቶ ገባ። ቅዳሜና እሁዱን ያ ልጅ የወረወረው ሁሉ እየተመታበት ቡድናቸው ተዋርዶ ነበር። የገዛ አገሩ በመሸነፉ እንዲህ የተደሰተ ሰው አይቼ አላውቅም። ሃይዌይ ላይ ስንወጣ በኔፓልኛ አንዲት አጭር ነገር ተናገረ። ባለቫኑ ፍሬቻ አብርቶ ከመንገድ ወጣና ቆመ። ትልልቅ የጭነት መኪኖች እያለፉ ቫኑን ያወዛውዙታል፤ ሁለቱ ወደፊት ያያሉ፤ እኔ ሰዓት አያለሁ። ስንደርስ አርፍደን ነበር። ዌርሃውሳችን ላረፈደ ሰው ፖይንት ይቆጥራል፣ ፖይንት የሞላበት ይሰናበታል፤ የእኔ ሊሞላ ደግሞ አንድ ነበር የቀረው።

ከዚያ በኋላ መነጋገር አቆሙ። አማቹ ሺፍት ሊቀይር ነው የሚል ወሬ ሰማሁ፤ ባለቫኑም እሱ ከቀየረ እኔም እቀይራለሁ ብሏል አሉ። እውነቱን ልናገርና፣ የደነገጥኩት ለወንድማማችነታቸው አይደለም፣ ለእንጀራዬ ነው። ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት ይባላል፤ እኔ ግን ሳልጠራ አቤት ብዬ ላስታርቃቸው ተነሳሁ። አገር ቤት ቢሆን እንደ እኔ ባሏን ራሷ ያባረረችን ሴት ለሽምግልና የሚያስቀምጥ የለም። ኦሃዮ ግን የሰው እጥረት አለ።

ብቻዬን እንዳልሆን ብሌንደን ታውንሺፕ ለሚኖሩ አንድ ጋሼ ደወልኩ። በሱዳን በኩል መጥተው እዚህ ያረጁ፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ጠብ ሁሉ የሚያስታርቁ ሰው ናቸው። ግማሹን ጠብ የሚያስነሱትም እሳቸው ናቸው የሚሉ አሉ። ነገሩን ካስረዳኋቸው በኋላ መጀመሪያ የጠየቁኝ ሰዎቹ ክርስቲያን ናቸው ወይ ብለው ነው። አይደሉም ስላቸው ታዲያ በምን እናስምላቸዋለን ብለው ተጨነቁ። በመጨረሻ ግን የሽምግልና አምሮታቸው አሸነፈ።

«በይ ቅዳሜ ኦፍ ነኝ፣ ኮል አድርጊያቸው» አሉኝ። «ጋራዡ ውስጥ እናደርገዋለን፤ ሳሎኑ ካርፔቱ አዲስ ነው።»

ሁለቱም የመጡት ምሳ የተጋበዙ መስሏቸው ነው፤ እኔም አላረምኳቸውም። ባለቫኑ የጣፋጭ ካርቶን ይዞ፣ አማቹ ሸሚዙን ተኩሶ፣ በየፊናቸው መጥተው በሩ ላይ ተገናኙ። ጋሼ ሙሉ ልብስ ለብሰው ጠበቋቸው። የሣር ማጨጃውን መሃል አድርገን በታጣፊ ወንበሮች ተቀመጥን። ጋሼ በአማርኛ ይናገራሉ፣ እኔ እተረጉማለሁ። አሰልጣኙ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ሚስት እንዳለው፣ ለቦታው ማን ዋስ እንደሆነው አንድ በአንድ ጠየቁ። ሰዎቹ በትሕትና የሚያውቁትን ያህል መለሱ። ከዚያ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ አሉ። ውሃውን ትቼ ሥሩን ተረጎምኩ፤ ይህ አሰልጣኝ አንተን ራስህን ምን አደረገህ ብዬ አማቹን ጠየቅኩት።

 አሰልጣኙ ምንም አላደረገኝም አለና በአገጩ ወደ ባለቫኑ አመለከተ። የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም በአንድ ከተማ ይጫወቱ ነበር። ባለቫኑ የቡድኑ አምበል ነበር፣ አማቹ ደግሞ እንደ ሽማግሌው ወርዋሪ ኳስ አሽከርክሮ የሚወረውር። ዋና ከተማ ሄደው በትላልቅ ሰዎች ፊት የሚጫወቱ ልጆች ሲመረጡ ባለቫኑ እሱን ትቶ ሌላ ልጅ ወሰደ። በዓመቱ እህቱን አገባ። ለምን እንደተወው ግን ነግሮት አያውቅም። ሰኞ ዕለት በኔፓልኛ ያለው ይኸው ነበር፤ አንተም እንደ አሰልጣኙ ነበርክ።

ጋሼ ዓይናቸው በራ። ሥሩ ተገኘ። ባለቫኑ እንዲመልስ ነገሩት፤ አንገቱን በእምቢታ ነቀነቀ። ደግመው ነገሩት፤ የቆየ ነገር ነው፣ ይቅር አለ። እዚያ ላይ ነበር ዝም ማለት የነበረብኝ። እኔ ግን ሽማግሌ ነኛ። የሆድን በሆድ ይዞ መኖር ሰውን ያሳብጣል፣ ንገረውና ይውጣልህ አልኩት። ባለቫኑ ተንጠራርቶ የአማቹን ጉልበት ያዘ።

«ጎበዝ አልነበርክም» አለው።

ጋሼ ምን አለ ብለው ጎነተሉኝ፤ በአማርኛ ደገምኩላቸው። እንኳን ተነገረ ብለው ከወንበራቸው ተነሱ። በሕይወታቸው ይቅር ለእግዚአብሔር ተባብለው የማያውቁትን ሁለቱን ሰዎች አስተቃቀፏቸው፣ ባረኳቸው፣ የባለቫኑን ጣፋጭም እሳቸው ከፍተው አደሉን። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ የሁለት መንግሥታት ጠብ ያበረዱ ያህል ሲያወሩ አገኘኋቸው። እኔም አላስተባበልኩም፤ ምስጋናው እኔም ጋ ደርሶ ነበር።

ሰኞ ቫኑ በሰዓቱ መጣ። አማቹ ቦታው ላይ ተቀምጧል፣ ሁለቱ ሰላም ይባባላሉ፣ ስለ አየሩ ይነጋገራሉ። ስለ ክሪኬት ግን ቃል የለም። ማክሰኞም የለም። ረቡዕ እኔው ጀመርኩና ያ ልጅ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኩ፤ ደህና ነው አለኝ አማቹ። በሳምንቱ ቡድናቸው እንደገና ተሸነፈ። ባለቫኑ አንድ ዓመት ሙሉ ሲሟገትለት የኖረውን አሰልጣኝ ይሰድበው ጀመር። ዓይን የለውም አለ፣ ያንን ሽማግሌ ወርዋሪ መመለስ አለበት አለ፣ መሪውን በመዳፉ መታ። ወደ አማቹ እያየ ነበር የሚናገረው፣ እንዲመልስለት።

«አሰልጣኙ የሚያውቀው ይኖራል» አለ አማቹ፣ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን እያየ።

አፈርኩ። ይህ ሰው ሃያ ዓመት የኖረው ተበድያለሁ ብሎ ነው፤ ያንን ከእጁ የወሰድኩበት ለአንድ ፖይንት ፈርቼ ነው። ዌርሃውሱ በር ላይ አማቹ ባጁን አንጠልጥሎ ቀድሞን ገባ። ባለቫኑ ሞተሩን አጥፍቶ አልወረደም፤ እኔም አልወረድኩም። ይዤው የሰነበትኩትን ጥያቄ አወጣሁት፤ እውነት ጎበዝ አልነበረም ወይ አልኩት። ውሸቴን ነው እንዲለኝ፣ ገብተን እንድንነግረው ፈልጌ ነበር።

«አልነበረም» አለኝ። «ለዚህ እኮ ነው ሃያ ዓመት ያልነገርኩት።»