ሦስት ጉንጭ ጠበል

አንገቴ ላይ ያለው እንቅርት ለዓመታት ምንም አላለኝም ነበር። ምግብ አላሳልፍ ሲለኝ ግን ከኮምቦልቻ ደሴ ወጥቼ ተመረመርኩ። ሐኪሙ በኦፕራሲዮን መውጣት አለበት አለኝ። ድምፅን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ እዚያው ሥር ስለሚያልፍ ድምፄ ሊጎዳ፣ ባስ ካለም ጨርሶ ሊጠፋ እንደሚችል ነገረኝና ፈርሚ አለኝ። ፈረምኩ። አስተማሪ ነኝ፤ ያን ሁሉ ልጅ ጸጥ የማሰኘው በድምፄ ነው። ቢሆንም ሐኪሙ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ነው የመሰለኝ።

እናቴ ከገጠር መጥታ አስታመመችኝ። በየደቂቃው «አይዞሽ፣ ምንም አትሆኚም» ትለኛለች። ጸልዪ ስትለኝ አባታችን ሆይ ብዬ እጀምርና ግማሽ ላይ ስደርስ የኮርኒሱን ስንጥቅ ሳይ እገኛለሁ። ደንዝዤ ነበር። አለመፍራቴ እሷን ይበልጥ ሳያስፈራት አልቀረም።

አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ ከቢስቲማ የመጡ አንዲት አሮጊት ተኝተዋል፤ የሐሞት ጠጠር ነው ያለባቸው፣ የኦፕራሲዮን ተራቸው ከእኔ ቀጥሎ ነው። ትራሳቸው ሥር ከመካ የመጣላቸውን ዘምዘም በትንሽ ጠርሙስ አስቀምጠዋል። ዱዓቸውን ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞር ይሉና «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ አለ» ይሉኛል።

በኦፕራሲዮኔ ዋዜማ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ እህልም ውሃም እንዳልቀምስ ታዝዣለሁ። ጠዋት እናቴ ከገጠር በሃይላንድ ይዛው ከመጣችው ጠበል በኩባያ ቀድታ ሰጠችኝ። ሦስት ጉንጭ ጠጣሁ። ጠበል ድሮም በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣው፤ ለእሷም ለእኔም ይሄ ውሃ መጠጣት አልነበረም። ነርሷ መጥታ «የቀመስሽው ነገር አለ?» ስትለኝ «የለም» አልኩ። የዋሸሁ አልመሰለኝም።

ነርሷ ስትወጣ አሮጊቷ በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ንገሪያቸው» አሉኝ። «እኔም ዘምዘሜን ልጠጣ ብዬ ትናንት ጠይቄያቸው ነበር። ዘምዘምም ቢሆን ሆድ ከገባ ውሃ ነው፣ በመርፌ ሲያስተኙሽ ወደ ሳንባሽ ከተመለሰ ይገድልሻል አሉኝ። ወላሂ፣ የሰማሁትን ነው።»

«ጠበል እኮ ነው» አለች እናቴ።

«አውቃለሁ እህቴ። የኔም ዘምዘም ነው።»

ነርሷን ጠርቼ ነገርኳት። የእኔ ተራ ለማግስቱ ተላለፈና በእኔ ቦታ አሮጊቷ ገቡ። ነርሷ የተቆጣችው ግን እናቴን ነው። «ልጅዎን ሊገድሏት ነበር እኮ» አለቻት። እናቴ አንገቷን ደፋች። ክፍል ገብቼ ውሃ ቀጠነ ብዬ የምቆጣው እኔ፣ ለእናቴ አንዲት ቃል አልተነፈስኩላትም። ዛሬም የሚቆጨኝ እሱ ነው።

አሮጊቷ ከሰዓት በኋላ ከኦፕራሲዮን በደህና ወጡ። እናቴ ግን ያን ቀን ሙሉ አይዞሽ አላለችኝም። ሃይላንዱን በነጠላዋ ጠቅልላ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተችው። ስትጸልይ እንኳ ከንፈሯ አይንቀሳቀስም፤ ጸሎቷም የሚጎዳኝ መስሏት እንደሆን እንጃ።

በማግስቱ ጠዋት አልጋዬን ሊገፉ ሲመጡ «ጠበሉ የታለ?» አልኳት።

«ተይ ልጄ፣ በቃ።»

«አልጠጣም። ቀቢኝ።»

እናቴ ነርሷን አየቻት። «ግንባሯን ብቻ» አለች ነርሷ፣ ቀስ ብላ።

እናቴ ጣቷን ነክራ ግንባሬ ላይ በመስቀል ምልክት ቀባችኝ። አንዲት ጠብታ ወደ ከንፈሬ ስትወርድ ቶሎ ብላ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። አንጀቴን በላችኝ። ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር አንድ ላይ የመጣብኝ፤ ድምፄም፣ ልጆቹም፣ ሞትም። እጇን ጨብጬ ያዝኩ።

«እማዬ፣ ፈራሁ» አልኳት።

አይዞሽ የምትለኝ መስሎኝ ነበር።

«እኔም» አለችኝ። «ከመጣን ጀምሮ።»

ስነቃ ሐኪሙ «እስቲ ተናገሪ» አለኝ። «እናቴን ጥሩልኝ» አልኩ። የጎረምሳ ድምፅ ይመስል ሻክሮ ነበር፤ ግን ወጣ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ኖሮ ሰማችውና እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች።