የሁለት ቤት ልጅ

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። ባሕር በጀልባ አላቋረጥኩም፤ በረሃ አልጠማኝም፤ ደላላ አልደበደበኝም። አውሮፕላን ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀምጬ፣ ጭማቂ እየጠጣሁ ነው የተሰደድኩት። ደግሞ የምናገረው ነገር አገር ቤት ላላችሁት የሚያሳፍር ነው፤ እኔንም ስጽፈው ፊቴን ያግለኛል። ቢሆንም እንደ እኔ በልጅነታቸው ለማደጎ የወጡ ብዙ ናቸው፤ ከእነሱም መካከል እንደ እኔ ዓይነት አሉ። ለእነሱ ስል ልሞክር።

የተወለድኩት ጉና ግርጌ ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ ገብሱንም ድንቹንም ብቻዋን ታርስ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ማሪያነ የምትባል ሆላንዳዊት ልታሳድገኝ መጣች። ከደብረ ታቦር የወጣን ዕለት ሊነጋጋ ሲል፣ ሚኒባሱ ማሪያነ ያረፈችበት ሆቴል በር ላይ ሞተሩን አስነስቶ ሲጠብቀን፣ እናቴ ከነጠላዋ ሥር በብርጭቆ ማር አወጣች። የማሪያነን አውራ ጣት በውኃ አጠበች፤ ማሩ ውስጥ ነክራ ወደ አፌ አስጠጋችውና «ጥቢ» አለችኝ። ጠባሁ።

እኛ ዘንድ የጡት ልጅ የሚኮነው እንዲህ ነው። በዚያ ማር ሁለት ቤት ይዛመዳል። ልጅቷ የሁለቱም ናት፤ ለክርስትናውም ለተዝካሩም ትመጣለች፤ የወለደቻት ሴት እናትነቷ አይነካም። እናቴ ፍርድ ቤት ስትፈርም ብዙም አልጠየቀችም፤ ለእሷ ውሉ ማሩ ነበር። ማሪያነ ግን መሰነባበቻ መሰላት። አለቀሰች፤ ከዚያ ጣቷን በእርጥብ ሶፍት ጠረገች።

እናቴ ማሪያነ ይዛው ወደመጣችው አስተርጓሚ ዞራ «ለፋሲካ ታመጣታለች አይደል?» አለች።

እሱ ሰዓቱን አየና «ይመጣሉ፣ ይመጣሉ» አለ።

ሐሙሲት ከተማ ስንደርስ ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶት ነበር። እናቴ ተከትላኝ የመጣች እየመሰለኝ ነጠላ የለበሰችውን ሁሉ በመስኮት አየሁ። ለፋሲካም አልመጣንም፤ ለሌላውም ፋሲካ።

ሆላንድ ተራራ የላትም። ዝናቧ ከላይ ሳይሆን ከጎን ነው የሚመጣው። የጉና ውርጭ እንኳ ፀሐይ ስትወጣ አፍሮ ይሄዳል፤ የዚህ አገር ብርድ ግን ቀኑን ሙሉ አብሮሽ ይውላል። ስታምፖት የሚሉት፣ ድንችና ጎመን አብሮ የተደቆሰ ምግብ አላቸው፤ ጥርስ ለሌለው ሽማግሌ የተሠራ ይመስላል። ሰው ቤት በራት ሰዓት ከደረስሽ ደግሞ «እስክንጨርስ እዚያ ተቀመጪ» ይሉሻል፤ ኧረ ብዪም የሚል የለም። ማሪያነ ግን ክፉ ሴት አይደለችም። የእናቴን ስልክ አፈላልጋ ያገናኘችኝ፣ አማርኛዬም እንዳይጠፋ እሑድ እሑድ ወደ ሐበሾች ቤተ ክርስቲያን የወሰደችኝ እሷ ናት። ሴት እንደምወድ፣ ሎተ የምትባል የክፍሌን ልጅ እንደምወድ ስነግራት «እሰይ» ብላ ኬክ ጋገረች። እኔ ግን ኬኩን ስበላ አንገቴን ደፍቼ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ከሎተ ጋር ቤት ፈለግን። አከራይዋ እኔን አየች፤ ወርቃማ ጸጉሯን ሎተን አየች።

«እህትማማች ናችሁ?»

ሎተ አፏን ሳትከፍት እኔ «አዎ» አልኩ።

«ደስ ሲል! የማደጎዋ የትኛዋ ናት?»

«እኔ ነኝ» አለች ሎተ። አከራይዋ በአዘኔታ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። ቤቱን አገኘን፤ ሎተ ግን እስከ ማግስቱ አላናገረችኝም።

እናቴን ወደዚህ አገር ልጋብዛት ብዬ ሔሜንተ ወደሚሉት ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ።

«እናትሽ እዚሁ ከተማ ናት» አለኝ ሠራተኛው ኮምፒውተሩን እያየ።

«ይቺ የወለደችኝ ናት።»

«እሷ በሕግ እናትሽ አይደለችም። እናትሽ አንድ ናት።»

«ሁለት ሴቶች ቢጋቡስ? ልጃቸው ሁለት እናት የለውም?»

«አለው፤ እሱ ሕጋዊ ነው።» ትንሽ አሰበና፣ «እናቶችሽ ተጋብተዋል?» አለኝ።

«የለም። አንዷ ድንች እየኮተኮተች ነው።»

አልሳቀም። እኔም የሳቅኩት ውጭ ወጥቼ፣ ብቻዬን ነው።

በዚያው ሰሞን ሁለት ስብሰባ ላይ እንድናገር ተጋበዝኩ። አንደኛው በማደጎ ያደጉ ሰዎች የጠሩት ነው፤ ልጅን ከአገሩ ማውጣት ይቁም ይላሉ። «ስለ ሎተ ግን አታንሺ፤ ፈረንጅ አበላሻት ይሉናል» አሉኝ። ሁለተኛው ልጅ ለማሳደግ የሚፈልጉ፣ እንደ እኔና እንደ ሎተ ያሉ ጥንዶች የጠሩት ነው። እዚያ አንድ ደግ ሰውዬ «አገርሽ ብትቀሪ ኖሮ ምን ይደርስብሽ እንደነበር ንገሪልን» አለኝ። አንዱ ግማሼን ደብቂ ይላል፤ ሌላው እናቴን ማስፈራሪያ አድርጊ ይላል። ሎተ ጥሩ እናት እንደምትሆን አውቃለሁ። ግን የትኛዋም የጉና እናት «ይመጣሉ» ተብላ እንድትሸኝ አልፈልግም። ይህን ብናገር ከሁለቱም ወገን የሚያጨበጭብልኝ የለም። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ፈራሁ፤ እናቴ ልጄ አይደለሽም እንዳትለኝ። ስለዚህ ለማንም ከመናገሬ በፊት ለእሷ ልንገራት ብዬ ደወልኩ።

«እማ፣ ለማሪያነ ሰጥተሽኝ ነው?»

«ማንን? አንቺን? ወየው! ሰው በግ ነው የሚሰጥ? የጡት እናት አገኘሁልሽ እንጂ!»

«እማ... ባል አላገባም። ከሎተ ጋር ነው የምኖረው። እንደ ባልና ሚስት።»

ዝናብ የቤቷን ቆርቆሮ ሲመታው በስልኩ ይሰማኛል።

«ታመሻል እንዴ፣ የኔ አካል?»

«አልታመምኩም።»

ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ስደውል አታነሣም። ለሁለቱም ስብሰባ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ሳምንታት አልፈው፣ ዩኒቨርሲቲው ደጃፍ ብስክሌቴን ሳስር ራሷ ደወለች። ስለ ኃጢአት፣ ስለ ጠበል ልትነግረኝ ነው ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

«ያቺ የጡት እናትሽ ታውቃለች?» አለችኝ።

«ታውቃለች።»

«መቼ ነገርሻት?»

«ካቻምና።»

«ካቻምና» አለች ቀስ ብላ። «እኔ እንደ ጎረቤት ኋላ የምሰማ?»

ያፈርኩት ያን ጊዜ ነው፤ ሎተን በመውደዴ አይደለም።

«እማ...»

«ተይው። ለነፍስ አባቴም አልነገርሁ፣ ለማንም አልነገርሁ። አንቺና እግዜር ተነጋገሩ። እኔን ግን ከእንግዲህ ሁለተኛ አታርጊኝ።»

ከዚያ ድምፅዋ ጠፋ። ዘግታው ይሁን ባትሪዋ አልቆ አላውቅም። መልሼ ስደውል ጥሪ አይቀበልም። ዕለቱ ኅዳር ሚካኤል ነበር፤ ኅዳር አሥራ ሁለት። ለፋሲካ የቀረውን ወር በጣቴ ቆጠርኩ።