ይጁቤ ድረስ የላክሁት ጨው

ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ

ከይጁቤ የመጣው የሚኒባስ ሹፌር ጫማው ላይ የደረቀውን ጭቃ በእንጨት እየፋቀ፣ «ከይጁቤ ወዲያ ያለው ወንዝ ሞልቶ ሞተር ወሰደ አሉ» ሲል ሰማሁ። እኔ እንደ ወትሮዬ አግዳሚዬ ላይ ተቀምጬ የሰው ዕቃ እጠብቃለሁ። ከንፈሬን መጠጥሁ። የሰው ሞተር ነዋ።

ትንሽ ቆይቶ ዝናሽ ነጭ ፒካፗን አቁማ ወረደች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ መሬት ይጎትታል።

«የሺ፣ ስመኝ ትናንት ወጥታ አልገባችም። ስልኳም አይሠራም።»

ስመኝ ልጄ ናት። ዝናሽ ዘንድ በሞተር ዕቃ ታደርሳለች፤ ዘንድሮ የምታድረውም እዚያው ዝናሽ ግቢ ነው።

«ምን ይዛ ወጣች?» አልሁ።

«አንዲት ጥቅል ናት። ከይጁቤ ወዲያ ላለችው ኪዳነ ምሕረት፣ ለመሪጌታ ጽጌ።»

ከአግዳሚዬ ተነሣሁ። መሪጌታ ጽጌ የሚባል ሰው የለም። እኔ ነኝ የፈጠርሁት።

እንዴት እንደዚያ እንዳደረግሁ

ትምህርት ያቆምሁት አራተኛ ክፍል ላይ ነውና እንደምናገረው እጽፋለሁ። እኔና ዝናሽ በዚያችው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን የኖርን ሰዎች ነን። ሰው ከገጠር ቅቤ፣ ከከተማ ጫማ ወይ መድኃኒት በሹፌር እጅ ይልካል፤ እኛ እንቀበላለን፣ ባለቤቱ እስኪመጣ እንጠብቃለን። ሕጋችን አንድ ነበር፤ አደራ ለጎረቤት አይሰጥም፣ ደጃፍ ላይ አይጣልም፣ በባለቤቱ እጅ ይገባል። ጥቅሉን የምናስርባት ቋጠሮም ነበረችን። ሁለት ጊዜ ዞራ ጫፏ ወደ ውስጥ ትገባለች፤ ሰው ከነካካት ያስታውቃል።

ከዚያ ዝናሽ ስልክ ገዛች። «ደውሉልኝ፣ ቤታችሁ አመጣለሁ» ማለት ጀመረች። ሳቅሁባት። አንድ ባጃጅ ሆነ፤ ሁለት ሞተር ሆነ፤ አሁንስ ብርቱካናማ ጃኬት የለበሱትን ልጆች መቁጠር ትቻለሁ። ደብረ ኤልያስና ደብረ ወርቅ የሚመላለስ አይሱዙ አላት። ቀለም የተቀባ ኮንቴይነር ውስጥ ቢሮ ከፍታ «ያሉበት እናደርሳለን» ብላ በትልቁ አጽፋለች። የእኔ አግዳሚ ባዶውን ቀረ። እሱንስ እችለው ነበር። ልጄ ያን ጃኬት ለብሳ ዝናሽን «እቴቴ» ስትላት ግን አልቻልሁም።

ሁለት ኪሎ የከብት ጨው በአሮጌ ጨርቅ ጠቀለልሁ። እጄ ሌላ አያውቅምና በዚያችው ቋጠሮ አሰርሁት። በጎረቤቴ ስልክ ደወልሁ፣ ለማያውቀኝ ባለሞተር ሰጠሁ። «መሪጌታ ስልክ የላቸውም፤ ደብሩ ጋ ጠይቁ» አልሁት። ጥቅሉ ሳይደርስ ሲመለስ መናኸሪያ መሐል ቆሜ «ይኸው፣ ያሉበት አላደረሱም!» ልል ነበር። የይጁቤን መንገድ የሚሠራው አንድ ጎልማሳ መሆኑን አውቃለሁ። እሱ ታሞ ልጄ በእሱ ፈንታ እንደምትወጣ ግን ማን ነገረኝ?

አራት ሰዓት፣ መንገድ

«ግቢ» አለችኝ ዝናሽ፣ የመኪናውን በር ከውስጥ ከፍታ። መሪውን የያዘችው ራሷ ናት። ወንበሩ ለስላሳ ነው፤ እሱም አናደደኝ።

ከከተማው እንደወጣን መንገዱ ጭቃ ነው። ግራና ቀኙ የነሐሴ ጤፍ አረንጓዴ ምንጣፍ መስሏል፤ ባሕር ዛፉ ጉም ውስጥ ገብቷል። ገበያተኛው ጆንያ ደርቦ በፈረስ ይሄዳል። ታዲያ ፒካፗን ያየ ሁሉ እጁን ያነሣል። አንዲት ሴት መንገድ መሐል ገብታ አስቆመችን።

«ዝናሽዬ! የልጄ መድኃኒት መጣ ወይ?»

«ቢሮ ገብቷል፣ ነገ ጠዋት እጅሽ ላይ ነው።»

«ዕድሜ ይስጥሽ! ድሮ ለዚች አንድ ቀን ሙሉ በእግሬ ወርጄ አንዲት ቁጡ ሴትዮ ፊት እቆም ነበር።»

ቁጡዋ ሴትዮ እኔ ነኝ። አላወቀችኝም። ዝናሽ ወደ መስኮቱ ዞራ ከንፈሯን ነከሰች። እግዜር ይይልኝ፣ ልጄ ጠፍታ ያኔም ቀናሁ።

ይጁቤ

ይጁቤ ዝናሽ ወኪል አላት፤ ባለሱቅ ነው። ከዘይትና ከሳሙናው ጎን ጥቅሎች መደርደሪያ ላይ ተሰልፈዋል፤ በያንዳንዱ ላይ ስም አለ። እኔ ዕቃውን እግሬ ሥር ነበር የማስቀምጠው።

«ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ አለፈች» አለን። «ዝናብ ነው፣ እደሪ አልኋት። አሻፈረኝ አለች።»

በር ላይ ከምትጠብስ ሴት ዝናሽ ሁለት በቆሎ ገዝታ አንዱን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሃያ ሃያ ብር ነው። ፍሬውን እየፈለፈልሁ መዳፌ ላይ አጠራቀምሁ። «ይኼን ጥቅል የላክሁት እኔ ነኝ» ልላት አፌን ከፈትሁ፤ ተመልሼ ዘጋሁት። ብነግራት መንገድ ላይ ጥላኝ ብትሄድስ? ልጄን በምን እደርስባታለሁ?

ወንዙ

መኪናው ከወንዙ አፋፍ ማለፍ አልቻለም። ውኃው እንደ ተልባ ደፍርሶ ይገለባበጣል። ከአንድ ቤት ጥግ የስመኝ ሞተር ቆማለች፤ ብርቱካናማ ቁጥሯን አየሁት። ባለቤቷ የለችም። መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

ከቤቱ አንድ ሽማግሌ ወጡ። «ምን ሆናችሁ እናንተ ሴቶች?»

«አባባ፣ ውኃው ሞተር ወሰደ ሲባል ሰማን። ሞተሯ ይኸው፣ ልጅቱስ...» አለች ዝናሽ፤ መጨረስ አልቻለችም።

«የምን ሞተር? በቅሎ ነው የወሰደው፣ ያውም የኔን! ይጁቤ ሲደርስ ሞተር ሆነ? እንግዲህ ማርቆስ ሲደርስ አውቶቡስ ይሆናል።» ከዚያ ፊቴን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጅቱን ነው የምትፈልጉ? ሞተሯን አደራ ብላኝ በግንዱ ተሻገረች። ትናንት ነው።»

ግንዱ ሁለት የታሰረ ባሕር ዛፍ ነው። ዝናሽ ፊት ሆና እጄን ያዘችኝ። ማዶ ማዶውን እያየች «ስመኝ! ስመኝዬ!» ትላለች። ልጄ የእሷም ልጅ መሆኗን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ይህም ደስ አላለኝም።

ኪዳነ ምሕረት

አንድ ሰዓት ያህል ሽቅብ ወጣን። የደብሩን የኔታ ከቅኔ ቤቱ ጥግ ተማሪዎች ከበዋቸው አገኘናቸው። መስቀል ተሳልመን ጠየቅን።

«ጽጌ የሚባል መሪጌታ እዚህ የለም። ለልጅቱም ይህንኑ ነገርኋት። ተመለሺ ብላት፣ ‹የኔታ ይፍቱኝ፤ አደራ ነው፣ እጃቸው ሳይገባ አልመለስም፤ ምናልባት ሌላ ደብር ተዛውረው ይሆናል› ብላ ወደ ሚካኤል ወረደች። በዚያ በረዶ!» ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዲህ አድርጎ ያስተማራት ማን ነው?»

ዝናሽ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። «እናቷ ናት፣ የኔታ።»

«ተባረኪ» አሉኝ። ከስድብ በላይ አመመኝ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ሚካኤል

ቁልቁለቱን እየተንሸራተትን ወረድን። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዳር የማኅበር ቤት አለ። ልጄ እዚያ ውስጥ በስስ ሸሚዝ ተኮራምታ ትንቀጠቀጣለች። ጃኬቷን ጥቅሉ ለብሶታል።

«እማ? እቴቴ? ምነው፣ ምን ሆናችሁ?»

«ጃኬትሽን ለምን አወለቅሽ?» ብዬ ጮህሁባት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

«ጨው ነዋ። ስዳስሰው አወቅሁት። ዝናብ ካገኘው ምን ይተርፋል?» ጥርሷ ይጋጫል። «ደግሞ ቋጠሮውን እይው። ያንቺ ነው። አንዱ ደንበኛሽ አምኖ የሰጠሽ ነው ብዬ፣ ያንቺን አደራ እንዴት ልመልሰው? ዛሬ የታችኛውን ደብር ጠይቄ በዝናብ ተመለስሁ፤ ገና ሁለት ደብር ይቀረኛል።»

ከዚህ ወዲያ መዋሸት አልቻልሁም። እዚያው መሬቱ ላይ ተንበርክኬ ነገርኋቸው። ሰውየው እንደሌለ፣ ጨዉ የኔ እንደሆነ፣ ምቀኝነት እንደሆነ። ስመኝ ጥቅሉን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ጥቅሉን ታቅፋ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ያ ጀርባ ከወንዙ ይበልጥ አስፈራኝ።

ዝናሽ ነጠላዋን አውልቃ ልጄን አለበሰቻት። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር ተናገረች።

«ቋጠሮሽን እኔም አይቼው ነበር። በእጄ ነው የመዘገብሁት። ‹የሺ በመጨረሻ አመነችኝ፣ ዕቃዋን ለኔ ላከች› ብዬ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።»

ተነሥቼ ጥቅሉን ልይዝላት እጄን ዘረጋሁ፤ ስመኝ አልሰጠችኝም።

ማታ ሁለት ሰዓት፣ ቤት

ስንመለስ ሦስታችንም ፊት ተቀመጥን፤ ልጄ መሐል ናት። ሞተሯን ከኋላ ጭነናታል። ስልኳን መኪናው ላይ ቻርጅ ሰክታ ነበርና ደብረ ማርቆስ ልንገባ ስንል ነቃ። ቤቴ ደጃፍ ስንደርስ ስመኝ አብራኝ ወረደች፣ ጥቅሉን ደጃፌ ላይ ሳይሆን እጄ ላይ አስቀመጠች፣ ስልኩንም ዘረጋችልኝ።

«ፈርሚ።»

«ምን?»

«ተቀባይ ካልፈረመ እንዳልደረሰ ነው የሚቆጠረው። ሳላደርስ ተመለስሁ ብዬ አልመዘግብም።»

በጣቴ መስታወቱ ላይ «የሺ» ብዬ ጻፍሁ። ፊደሉ ተንጋደደ። ዝናሽ ከመኪናው ሆና ታያለች። ስመኝ ያኔ አለቀሰች፤ እኔም አቀፍኋት።

ቅናቱ ለቀቀኝ ብል እዋሻለሁ። ልጄ ስትሰናበተኝ «እቴቴ ትጠብቀኛለች» ስትል እንኳ ትንሽ ወግቶኛል። ግን ያ ሁሉ ሞተር የሚሠራው በዚያው በአግዳሚያችን ሕግ መሆኑን ይጁቤ ድረስ ሄጄ አየሁት፤ ልጄንም ያስተማርኋት ነገር ከእኔ ይበልጥ እሷ ዘንድ ጸንቷል። ጨዉ ደረቅ ነው፤ ጓዳዬ ውስጥ ሳይፈታ ተቀምጧል። ልጄ ደህና ናት። እኔም ቤቴ ገብቻለሁ፤ በሰላም ደርሰናል።